ሙቅ ሻወር ሥር የሚቆመው ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ ነው። ልጄ 24 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ወሩ ጠዋት ላይ ማስመለስ ይጀምረዋል፤ ቀኑን ሙሉ አያቋርጥለትም። የሚሻለው ሙቅ ሻወር ሥር ሲቆም ብቻ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይቆያል። ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ አጠጣሁት። ክሊኒክም የጨጓራ መድኃኒት ሰጡት። ለውጥ የለም። ጋንጃ በየቀኑ እንደሚያጨስ አውቃለሁ። ስቆጣው ግን «ማቅለሽለሹን የሚያስታግስልኝ እሱ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሻወሩ ጋ ስደርስ ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። የሚያስመልስ በሽታ ብዙ ነው። በሙቅ ውሃ የሚታገሰው ግን ጥቂት ነው። ካናቢስ (ጋንጃ) ለዓመታት አዘውትረው በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚታይ እንዲህ ያለ ሕመም አለ፤ በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ናቸው መጀመሪያ የጻፉበት። የልጅዎ ነገር እሱን በጣም ይመስላል።

ልጅዎ አልዋሸዎትም። ካናቢስ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር በትንሹ ሲወሰድ ማቅለሽለሽን ያበርዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ለካንሰር ታማሚዎች በእንክብል ይታዘዛል። በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጨጓራ የገባለትን ምግብ ቶሎ አያወርድም፣ ያስታግስ የነበረው ራሱ ያስመልሳል። የዛሬው ካናቢስ ደግሞ የድሮው አይደለም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ የተያዘው በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ ነበረው፤ አሁን ከ15 በመቶ በላይ ነው።

ሙቅ ውሃው የሚያስታግሰው ሙቀት የሚለዩ ነርቮችን ስለሚነካ ነው። በርበሬ ሲያቃጥለን የሚነቁት እነዚሁ ነርቮች ናቸው። ለዚህም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከበርበሬው ንጥረ ነገር የተሠራ ቅባት ሆድ ላይ ይቀባሉ። አደራ፣ እቤት ሚጥሚጣ በጥብጠው እንዳይቀቡት፤ ቆዳው ይላጣል።

እኔን የሚያስፈራኝ የሰውነቱ ውሃ ማለቅ ነው። በትውከት ላይ የሙቅ ሻወሩ ላብ ሲጨመር ሰውነት ይደርቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሲየም ወርዶ የልብ ምት ይዛባል። ውሃ እንኳ አልረጋለት ካለ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ይደውሉ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

መድኃኒቱ መተው ነው፤ መቀነስ አይበቃም። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ያኔ አይቆጡት፣ ሰውነቱ ያለ ካናቢስ መኖርን እየለመደ ነው። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቶሎ ጠርጎ አይወጣም። ማስመለሱም እስኪጠፋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በመሀል «አንዴ ብቻ» ብሎ ካጨሰ ሊመለስበት ይችላል።

ሆኖም የሐሞት ከረጢት፣ የጣፊያና የአንጀት ሕመም አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ሐኪሙ ጋ ሲቀርቡ ምን ያህልና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚያጨስ ልጅዎ ራሱ ይናገር። እርስዎ ፊት ካፈረ ትንሽ ወጣ ይበሉለት። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ጥቂት ካናቢስ ቢይዝ በግዛቱ ሕግ አያስጠይቀውም፤ ሐኪሙም የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል።