የጥቁር ቸኮሌት ቅምሻ፦ የሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ ከአንድ አገር ወይም ከአንድ አካባቢ ካካዎ ብቻ የሚሠራ ጥቁር ቸኮሌት። የቦታ ጥበት ስላለብን ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ስትመጣ ሦስት ጥቁር ቸኮሌቶች ይዛልን መጣች። አንደኛው የማዳጋስካር፣ ሁለተኛው የኢኳዶር፣ ሦስተኛው የጋና ካካዎ እንደሆነ ተጽፎባቸዋል፤ ሦስቱም 70 በመቶ ናቸው። ከእራት በኋላ ቡና እየጠጣን በየተራ ቀመስናቸው። እኔ ጥቂት ልዩነት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ግን «ሁሉም ያው መራራ ነው፤ የአገሩ ስም ለገበያ የተለጠፈ ነው» ብሎ ደመደመ። በእርግጥ ልዩነት ካለ እንዴት ቢቀመስ ይታወቃል?
የደብረ ብርሃን አንባቢ

መልስ፦ ልዩነቱ አለ። ይሁን እንጂ ባለቤትዎ በዚያ ሰዓትና በዚያ ሁኔታ ሊያገኙት ባለመቻላቸው አይፈረድባቸውም። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ የበላ ምላስ ስስ የሆነውን ጣዕም ለመለየት አይመችም፤ ቡናውም ራሱ መራራና የተቆላ ፍሬ ሽታ ያለው በመሆኑ የቸኮሌቱን ሽታ ይጋርደዋል፤ ዕጣን ከታጨሰበትማ አፍንጫ ጨርሶ ሥራውን አይሠራም። ጣዕም ብለን ከምንጠራው ነገር ብዙው በአፍንጫ በኩል የሚደርሰን ሽታ ነውና፣ ቅምሻውን ከምግብ አርቃችሁ ረፋድ ላይ፣ ጢስና ዕጣን በሌለበት ክፍል ብታደርጉት ውጤቱ ሌላ ይሆናል።

የከተማችሁ ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ በተለይ ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት በመደርደሪያ ያደረ ቸኮሌት ጠዋት ከማቀዝቀዣ የወጣ ያህል ይደርቃል። በሚገባ የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ያለው የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ማለትም ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ሽታውም በአብዛኛው ታስሮ የሚቆየው በዚህ ስብ ውስጥ ነው። ቀዝቅዞ አፍ የገባ ቸኮሌት ሳይቀልጥና ሽታውን ሳይለቅ ታኝኮ ይዋጣል፤ የሚቀረውም መራራነቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከነመጠቅለያው ሰው በሚውልበት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆይታችሁ፣ 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቅመሱት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ወደ ምድጃ ማስጠጋት ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ ምክንያቱን ከታች ለሸዋ ሮቢት አንባቢ በሰጠነው መልስ ታገኙታላችሁ።

አቀማመሱ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ አምስት ግራም የምታህል ቁራሽ በቂ ናት። ስትሰበር ጥርት ያለ ድምፅ ብትሰጥ ቸኮሌቱ በደንብ መቀዝቀዙንና መርጋቱን ያመለክታል እንጂ ስለ አገሩ የሚነግረን ነገር የለም። የተሰበረውን ጠርዝ አሽትቱ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አኝካችሁ በምላስና በላንቃ መካከል እንዲቀልጥ ተዉት። መጀመሪያ የሚመጣው ጣዕም፣ እየቀለጠ ሲሄድ የሚከተለው፣ ከተዋጠም በኋላ የሚቀረው የተለያዩ ናቸው፤ ሦስቱንም ለየብቻ መዝግቧቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገራችሁ በፊት አፋችሁን ለብ ባለ ውኃ ተጉመጥመጡ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በምላስ ላይ የቀረውን ስብ ያረጋዋል እንጂ አያጥበውም። ጥቁር አዝሙድ የሌለበት ተራ ነጭ ዳቦ ቁራሽም ይረዳል።

በቅደም ተከተል በኩል ከጋናው ጀምሩ፤ አብዛኞቻችን ከልጅነት ጀምሮ «ቸኮሌት» ብለን የምናውቀው የተቆላ ካካዎ ጣዕም ያለው፣ ኮምጣጣነቱም አነስተኛ የሆነው እሱ ነው። ኢኳዶሩ ይከተል፤ ናሲዮናል ከሚባለው ዝርያ የተሠራ ከሆነ የጠንበለል አበባን የሚያስታውስ ሽታ ይኖረዋል። ማዳጋስካሩን በመጨረሻ አድርጉት፤ በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ከሚገኘው የሳምቢራኖ ሸለቆ የሚመጣው ካካዎ የእንጆሪና የብርቱካን ዓይነት ደማቅ ኮምጣጣነት ስላለው፣ ከፊት ከቀደመ የሌሎቹን ጣዕም ይውጠዋል።

እንግዲህ እርስዎ ይህን ካነበቡ በኋላ እንጆሪን መፈለግዎ አይቀርም፤ የፈለጉትን ማግኘት ደግሞ የሰው ጠባይ ነው። ባለቤትዎን ሊያሳምን የሚችለው የሚከተለው ፈተና ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሦስት ቁራሾችን፣ ሁለቱን ከአንድ ዓይነት፣ አንዱን ከሌላ ዓይነት፣ ምልክት በሌላቸው ሳህኖች ያቅርብላችሁ፤ እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልዩ የሆነውን ለዩ። በግምት ብቻ የማግኘት ዕድላችሁ ከሦስት አንድ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ መሳካቱ ምንም አያስረዳም፤ ቦታው እየተቀያየረ ደጋግሞ ሲሳካ ግን ልዩነቱ በምላስ ላይ እንጂ በወረቀቱ ላይ አለመሆኑ ይረጋገጣል።

ጥያቄ፦ እኔ የጤፍ ነጋዴ ነኝ። «የምንጃር ጤፍ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ከምንጃር እንዳልወጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ልጄ በሚያመጣው ቸኮሌት ላይም የአገርና የሸለቆ ስም ተጽፎ አያለሁ። ስሙ ምን ያህል ይታመናል? እውነት ቢሆንስ ጣዕሙን የሚወስነው አፈሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር?
የአረርቲ አንባቢ

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ከልምድ የመጣ ነው፤ እኛም እንጋራዋለን። በቅድሚያ ሁለት ዓይነት የአገር ስም መኖሩን ልብ ይሏል። «የቤልጂየም ቸኮሌት» ወይም «የስዊዘርላንድ ቸኮሌት» የሚለው የፋብሪካውን አገር ብቻ ይናገራል፤ ካካዎ የሚበቅለው ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ባለው ሞቃትና እርጥብ ቀበቶ ውስጥ በመሆኑ በአውሮፓ ሜዳ አይለቀምም። እርስዎ የጠየቁት ግን ፍሬው ስለበቀለበት ስፍራ ነው።

ይህም ስም ሰፊና ጠባብ አለው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያመርቱት ኮትዲቯርና ጋና ናቸው። በጋና ግብይቱን ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጣጠር የመንግሥት ቦርድ ስላለ፣ የብዙ ገበሬዎች ፍሬ በደረጃ እየተለየ በአንድ ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ «የጋና» የሚለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአገሩን የጋራ ጣዕም እንጂ የአንድ ማሳን ጣዕም አይነግረንም። ሳምቢራኖ አንድ ሸለቆ ነው፤ በቬንዙዌላ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ቹዋዎ ደግሞ አንዲት መንደር ናት። በመጠቅለያው ላይ ሸለቆው፣ የገበሬዎቹ ማኅበር፣ የፍሬው ዝርያና የመከር ዘመኑ ተዘርዝረው ከተገኙ፣ ፍጹም ማረጋገጫ ባይሆንም፣ አምራቹ የገዛውን ፍሬ እንደሚያውቀው ያሳያል። የአገር ስም ብቻ በትልቅ ፊደል አትሞ ስለሌላው ዝም የሚለውን እኔ በጥርጣሬ ዓይን እመለከተዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ዝርያውና አፈሩ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም፤ ነገር ግን ከለቀማው በኋላ የሚሆነውን የሚያህል ኃይል ያለው ነገር ጥቂት ነው። የካካዎ ዘለላ ሲሰነጠቅ ፍሬዎቹ በጣፋጭ ነጭ ልባስ ተሸፍነው ይወጣሉ። እነዚህን ከነልባሳቸው በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ በመከመር ወይም በእንጨት ሣጥን ውስጥ በማድረግ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ያብላሏቸዋል። በመጀመሪያ እርሾዎች ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጡታል፤ ክምሩ እየተገላበጠ አየር ሲያገኝ ደግሞ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አቼቶ አሲድ ይቀይሩታል፤ ሙቀቱም ወደ 45 እና 50 ዲግሪ ይወጣል። ሙቀቱና አሲዱ ወደ ፍሬው ዘልቀው የመብቀል ኃይሉን ይገድሉታል፤ በዚያን ጊዜ ነው በፍሬው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችና ስኳሮች ተሰባብረው ኋላ በመቁላት የቸኮሌት ሽታ የሚሆኑትን ነገሮች የሚፈጥሩት። ሳይብላላ የደረቀ ፍሬ የፈለገውን ያህል ቢቆላ ድድን የሚያደርቅና የሚያኮማትር መራራ ነገር እንጂ ቸኮሌት አይወጣውም።

ቀጥሎ እርጥበቱ ወደ ሰባት በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይሰጣል። ዝናብ በሚበዛባቸው ስፍራዎች ፀሐይ ስለማይበቃ በእንጨት እሳት ያደርቁታል፤ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚመጡ አንዳንድ ቸኮሌቶች ላይ የሚገኘው የጢስ ጣዕም የዚህ ውጤት ነው፤ ቀማሹ ግን «የአፈሩ ጣዕም» ብሎ ሊያደንቀው ይችላል። ፍሬው ፋብሪካ ከገባ በኋላም ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም ሩዶልፍ ሊንት በ1879 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት እየሞቀ ይታሻል። እሽታው የአቼቶውን ሽታ ያባርራል፤ ሲበዛ ግን አካባቢውን ከአካባቢ የሚለየውን ነገር አብሮ ይወስደዋል።

በእርስዎ ንግድ ብናየው፣ ጤፉ በእርግጥ የምንጃር ማኛ ቢሆንም እንኳ ሊጡን ያቦካችውና ምጣዱን ያሰማችው እጅ ካልሆነላት እንጀራው ስሙን አይመስልም። በዚህ ምክንያት ማንም ሰው ቸኮሌት ሲያወዳድር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቢለውጥ መልካም ነው። የቦታውን ልዩነት ማወቅ የሚሻ ሰው ከአንድ አምራች፣ በእኩል መቶኛ፣ የተለያየ ቦታ ካካዎ ያላቸውን ይግዛ፤ የእጁን ልዩነት ማወቅ የሚሻ ደግሞ የአንዱን ቦታ ካካዎ ከተለያዩ አምራቾች ይውሰድ። የደብረ ብርሃኗ አንባቢያችንም ሦስቱ ቸኮሌቶች የአንድ ፋብሪካ መሆናቸውን ከመጠቅለያው ብታረጋግጥ መልካም ነው፤ ካልሆኑ ያገኘችው ልዩነት የማዳጋስካርና የጋና ይሁን የሁለት አምራቾች ልትለየው አትችልም።

ጥያቄ፦ 85 በመቶ የሚለው 70 በመቶ ከሚለው የተሻለ ጥራት አለው ማለት ነው?
የመሐል ሜዳ አንባቢ

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ የሚያሳየው የካካዎ ፍሬውና ተጨምሮ የገባው የካካዎ ቅቤ በድምሩ ከክብደቱ ስንት እጅ እንደሆኑ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። አንዱ አምራች 70ውን ሁሉ ከፍሬው ሲያደርገው ሌላው 60 ከፍሬው፣ 10 ከቅቤው ሊያደርገው ስለሚችል፣ ሁለት ባለ 70 ቸኮሌቶች እንኳ በመራራነት አይተካከሉም። በመጥፎ ሁኔታ የተብላላ ፍሬ 85 ሲሆን ጉድለቱ ይበልጥ ይጋለጣል እንጂ አይሻሻልም። ለማወዳደር እኔ የምመርጠው 70 አካባቢ ያለውን ነው፤ ስኳሩ የፍሬውን ሽታ ለማውጣት ይበቃል፣ አይሸፍነውምም።

ጥያቄ፦ በቤታችን ጾም እንጠብቃለን። ጥቁር ቸኮሌት የጾም ነው ተብሎ ተሰጥቶን ነበር፤ ስናየው ግን ቅቤና ወተት የሚሉ ቃላት አሉበት። ምን እንመን?
የአንኮበር አንባቢ

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውባችኋል። የካካዎ ቅቤ የሚባለው ከፍሬው የሚጨመቅ የተክል ስብ ስለሆነ ከእንስሳ ምንም የለበትም። «የወተት ስብ» ወይም «የወተት ዱቄት» የሚል ከግብዓቶቹ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ግን የፍስክ ነው፤ ቸኮሌቱ ጥቁር መሆኑ ብቻ አያድነውም፤ ለማለስለስ ሲሉ ጥቂት የወተት ስብ የሚጨምሩ አምራቾች አሉና። ሦስተኛው ከዝርዝሩ ውጪ የሚጻፈው «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህ ሆን ተብሎ ወተት ገብቶበታል ማለት ሳይሆን በዚያው መሣሪያ የወተት ቸኮሌትም ይሠራል ማለት ነው። በዚህኛው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ለንስሐ አባታችሁ እንተዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጾም ወቅት ጥሩ የቅምሻ ሰዓት የምታገኙት ቅዳሴ ወጥቶ ሽሮው ከመቅረቡ በፊት ነው። ምላስ የዚያን ጊዜ ያህል ንጹሕ የሚሆንበት ሰዓት የለም። የግብዓቶቹ ዝርዝርም አጭር ሲሆን ለጾሙም ለቅምሻውም ይሻላል፤ ካካዎ፣ ስኳር፣ ምናልባትም የካካዎ ቅቤ ብቻ የያዘውን ምረጡ። ቫኒላ የተጨመረበት ቸኮሌት ለመብላት ቢጥምም የአካባቢውን ሽታ ስለሚሸፍን ለማወዳደር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የገዛሁት ጥቁር ቸኮሌት ሮቢት ደርሶ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ነጭ ነገር ለበሰ። ሻግቶ መስሎኝ ልጥለው ነበር፤ ጎረቤቴ ከለከለችኝ። ይበላል?
የሸዋ ሮቢት አንባቢ

መልስ፦ ይበላል፤ ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ውኃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ አይሻግትም። ነጩ ነገር ከሁለት አንዱ ነው። የካካዎ ቅቤ በስድስት ዓይነት መልክ ሊረጋ የሚችል ስብ ነው፤ ፋብሪካው በጥንቃቄ አሙቆና አቀዝቅዞ ያረጋው በሚያብረቀርቀውና ጥርት ብሎ በሚሰበረው መልክ ነበር። በመኪና ውስጥ ወይም በቆላው ቀትር ሲለሰልስና ሌሊት መልሶ ሲረጋ ያ ሥርዓት ይፈርስና ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ይነጣል። ሁለተኛው ደግሞ ከማቀዝቀዣ የወጣ ቸኮሌት በሙቅ አየር ውስጥ ወዲያው ሲከፈት ላብ ያወጣል፤ ላቡ ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ስኳሩ ብቻ በላዩ ይቀራል። በጣትዎ ሲያሹት እየለሰለሰ የሚጠፋው ስብ ነው፤ ሻካራ ሆኖ የማይለቀው፣ በጠብታ ውኃ ግን የሚሟሟው ስኳር ነው።

እንዲህ የሆነው ቸኮሌት አያሳምምም፤ በአፍ ውስጥ አቀላለጡ ስለተበላሸ ግን ለውድድር አይቅረብ፤ በፈላ ወተት ወይም በውኃ አሟሙተው ቢጠጡት ይሻላል። በእርስዎ አካባቢ ሙቀት ቸኮሌትን ያለ ማቀዝቀዣ ማቆየት ስለማይቻል፣ ከነመጠቅለያው በላስቲክ አጥብቀው አስረው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ስቡ ሽታ ስለሚስብ በርበሬ፣ ቅመምና የተነጠረ ቅቤ አጠገቡ አይሁኑ። ሲያወጡትም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ዕቃውን ሳይከፍቱ ይጠብቁ።