ዳንግ ጉዪ ለአራስ ይሆናል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከቻይና፣ ከጓንጁ ከተማ የተላከልሽን ዳንግ ጉዪ የሚባለውን የመድኃኒት ሥር እንዴት እንደምትሠሪው፣ ለእናትሽም ይሆን እንደሆነ ጠይቀሻል። ከእናትሽ ልጀምር። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንደሚወስዱ ጽፈሻል፤ እንግዲያው ጠብታም አታቅምሻቸው። ይህ ሥር የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚጨምር ደም ሊያፈስ ይችላል።

ወዳንቺ ስመለስ፣ እኔ ያወቅሁት ቻይና ውስጥ፣ የጋንሱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው ላንጁ ስማር ነው። ምርጡ ዳንግ ጉዪ የሚበቅለው እዚያው ጋንሱ ውስጥ፣ ሚን በሚባለው ብርዳማ ደጋ ወረዳ ነው። የካሮትና የድንብላል ዘመድ ነው፤ ሽታው ግን ሰለሪን ይመስላል። አከራዬ የነበሩት እናት ምራታቸው ስትወልድ ወሩን ሙሉ ከቤት አላስወጧትም፤ በእኛ ቤት ገንፎና አጥሚት እንደሚሠራው እሳቸው በበግ ሾርባ አረሷት። አሠራሩ ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ሐኪም በዣንግ ጆንግጂንግ የተጻፈ ነው፦ ዳንግ ጉዪ፣ ዝንጅብልና የበግ ሥጋ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የሆድ ቁርጠት።

ግማሽ ኪሎ ሥጋ አንዴ አፍልተሽ የመጀመሪያውን ውኃ ከነአረፋው ድፊው። በአዲስ ውኃ ዝንጅብሉን በወፍራሙ ከትፈሽ፣ ዳንግ ጉዪውን 10 ግራም ያህል ጨምረሽ፣ በቀስታ እሳት ሁለት ሰዓት ተዪው። ጨው መጨረሻ ላይ። ዝንጅብሉ ከሥሩ ይብለጥ እንጂ አይነስ፤ አለበለዚያ ይመራል።

ዳንግ ጉዪ ሰውነት «ያሞቃል» ሲባል ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። እኔ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ይዞኝ ሳለ፣ ብርድ ነው ብዬ አንዱን ሥር ሙሉውን ቀቅዬ ጠጣሁ። አፌ ደረቀ፣ ጉሮሮዬ ባሰበት፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። አከራዬ ሲሰሙ ሥሩን ቀምተው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ተቅማጥ ካለሽም ይቅርብሽ። ደምሽ ገና በብዛት የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ያዋለደሽን ሐኪም ሳትጠይቂ አትጀምሪ፤ ጡት እንደምታጠቢም ንገሪው።

የተላከልሽን ደግሞ አሽትቺው። ጥሩው ከውጭ ቡናማ፣ ሲቆረጥ ቅባት ያለውና ጣፋጭ ሽታ የሚሰጥ ነው። ከመጠን በላይ ነጥቶ እንደተለኮሰ ክብሪት የሚሸት ከሆነ በድኝ ጭስ የታጠነ ነውና ጣዪው።

መረቁን ብቻ ጠጪ የሚልሽ ካለ አትስሚው። አከራዬ ምራታቸው ሥጋውን ሳትጨርስ ከጠረጴዛ አያስነሷትም ነበር።