ሰውነቴን ብተወው የት ላይ ይቆማል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 39 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ስሆን በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ እመላለሳለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ከአራት ኪሎ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ 63 ኪሎ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እየጨመርኩ 72 ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው ነኝ። ሁዳዴን ስጾም ወደ 69 እወርዳለሁ፤ ሰኔ ሳያልቅ ተመልሼ 72 እሆናለሁ። ጎረቤቴ የሰጠችኝን የማቅጠኛ ሻይ ሳምንት ጠጥቼ 70 ገብቼ ነበር፤ እሱም አልቆየም። ለስፖርት ጊዜ የለኝም፤ ምግብ መቆጠቡም ሰልችቶኛል። ምንም ሳላደርግ ሰውነቴን ብተወው ክብደቴ ዝም ብሎ ይጨምራል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል? እያንዳንዱ ሰው የተፈጥሮ ልክ አለው ይባላል፤ የእኔስ ስንት ነው?
*የልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ፦ ዕድሜሽን ነግረሽኛልና፣ ታላቅሽ ስለሆንኩ አንቺ ልበልሽ። የመልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። «ከዚያ ወዲህ እዚያው ነኝ» ያልሽውን ደግመሽ አንብቢው። የበላሽውን ሳትቆጥሪ፣ የበዓሉን ዶሮና የአዘቦቱን ሽሮ ሳትመርጪ፣ ሦስት ዓመት በ72 ኪሎ ዙሪያ ቆይተሻል። በየቀኑ ከሚያስፈልግሽ አንዲት ጭልፋ ወጥ ብታስበልጪና ሰውነትሽ ዝም ብሎ ቢያከማቸው ኖሮ ዛሬ ሌላ ቁጥር ትጽፊልኝ ነበር። ስለዚህ አንቺ ባትቆጥሪም የሚቆጥርልሽ አለ ማለት ነው።

የሚቆጥረው አንጎል ነው። ኬኔዲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 በአይጦች ላይ ካደረገው ጥናት ተነስቶ፣ አንጎል በሰውነት ያለውን የስብ መጠን እየተከታተለ የምግብ ፍላጎትን ያስተካክላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ወሬውን ለአንጎል የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያዝዘውን ዘረመል አገኘ። ሌፕቲንን የሚያመነጨው ራሱ ስቡ ነው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፤ አንጎል ይህንን ሲያይ ረሃብ የገባ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ሰውነት፣ የቤቱ ገቢ ሲያንስ ወጪዋን እንደምታጠብቅ ባለሙያ እመቤት ይሆናል። ሩዶልፍ ሊበል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ከክብደታቸው 10 በመቶ የቀነሱ ሰዎች የሚያቃጥሉት ኃይል ሰውነታቸው በማነሱ ብቻ ከሚጠበቀው በላይ ወርዶ ተገኝቷል። 10 በመቶ እንዲጨምሩ የተደረጉት ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ሲያቃጥሉ ታይተዋል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ግን እኩል አይደሉም። ሰውነት መክሳትን የሚታገለውን ያህል መወፈርን አይታገልም። ለሺህ ዓመታት ሰው ሲገድል የኖረው ረሃብ እንጂ ጥጋብ አይደለምና አይፈረድበትም።

ሁዳዴሽንም በዚህ ዓይን እይው። በጾሙ የወረደው ሦስት ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ የሚበላው ሲያንስ ስንቁም ውሃውም አብረው ይወርዳሉ። ፋሲካ ሲገባ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ይመለሳሉ። ቀሪውን ደግሞ 55 ቀን ሲጠብቅ የነበረው የምግብ ፍላጎት ይመልሰዋል፤ በዚያ ላይ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ያዘዘችው ለነፍስ ነው፤ ለወገብ ብለሽ ከቆጠርሽው በሁለቱም በኩል ታዝኛለሽ። የጎረቤትሽን ሻይ ደግሞ ተይው። በዚያ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሰናን የመሰለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የሚያስወጡብሽ ውሃና ጨው ነው።

እንግዲህ ልክሽ 63 ነው ወይስ 72? ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። 63 የአራት ኪሎ ኑሮሽ ልክ ነበር፤ 72 የቱሉ ዲምቱ ኑሮሽ ልክ ነው። ስንወለድ ግንባራችን ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር የለም። ዘር ድርሻ አለው፤ ድርሻውም ትልቅ ነው። በካናዳ 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ለ100 ቀናት ያህል ከሚያስፈልጋቸው በላይ እያበሉ ሲያዩአቸው፣ በአማካይ 8 ኪሎ ጨመሩ፤ ግን አንዱ 4 ኪሎ ሲጨምር ሌላው 13 ጨምሯል፤ መንታና መንታ ግን ተቀራራቢ ነበሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ጥናት ነው። ዘር ሰፋ ያለ ክልል ይሰጣል፤ በክልሉ ውስጥ የት እንደምንቆም የሚወስነው ኑሯችን ነው። ፒማ የሚባሉት ሕዝቦች ከፊሎቹ በአሜሪካ አሪዞና፣ ከፊሎቹ በሜክሲኮ ተራሮች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ በዘር የሚዛመዱ ሆነው ሳለ በእጃቸው እያረሱ የሚኖሩት ሜክሲኮዎቹ ከአሪዞናዎቹ በአማካይ ከ20 ኪሎ በላይ ይቀልሉ ነበር።

እኔም የምኖረው ከአንቺ ብዙም ሳልርቅ ነው፤ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ የአንቺን መሰል ሴቶች ቆመው አያቸዋለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውቶቡሱ ሲመጣ ወንበር የደረሳት ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትተኛለች። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ለውዝና ብስኩት የያዙ ልጆች በመስኮቱ በኩል ይመጣሉ፤ የለውዙ ጥቅል ተፈቶ ከወንበር ወንበር ይዞራል። ቢሮው ደርሶ እንደገና መቀመጥ ነው። ማታ ቤት ሲገባ መሽቷል፤ ልጆቹ አጥንተው፣ ወጡ ተሠርቶ፣ እራት ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርብና ከእራት ወደ አልጋ ነው። አራት ኪሎ ሳለሽ ግን ሥላሴ ደርሶ መመለሱ፣ ፒያሳ ለአንዲት ክር ብሎ መውጣቱ፣ ዳገቱ ሁሉ በእግር ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያኔ ስፖርት እሠራለሁ አላልሽም፤ አሁንም አልሠራም ትያለሽ። ልዩነቱ ያለው ማንም ስፖርት ብሎ በማይጠራው ነገር ውስጥ ነው። ከእኛ ሰፈር የሚሻሉት ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ የሚመላለሱት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ወደው አይደለም።

ዕድሜዬ ነው ብለሽ እንዳትተይው ደግሞ። ከ29 አገሮች ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ ሰው የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ድረስ እምብዛም አይለወጥም። እንጀራውንም አትክሰሺው። እንጀራ አራት ኪሎም ነበር። ወጡን ብጠረጥር ይሻለኛል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጀሪካን በቀጥታ ድስት ውስጥ ሲንዠቀዠቅ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ማን ያያል? በጾም ቀን ደግሞ ሽሮው ላይ ተንሳፍፎ ካልታየ ያልጣፈጠ ይመስለናል።

«ብተወውስ?» ላልሽው፣ ኑሮሽ እንዳለ ከቀጠለ 72 አካባቢ ወይም ቀስ እያለ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆያል። ሰው ሲከብድ ሰውነቱን ለማንቀሳቀስና ለማቆየት የሚያወጣው ኃይልም ስለሚጨምር፣ የሚበላውና የሚያወጣው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ኑሮ ሲለወጥ ግን መገናኛውም ይለወጣል፤ ሌላ እርግዝና፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሥራ፣ አንዳንድ መድኃኒት። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስጂው በየሦስት ወሩ በሚሰጠው መርፌ ከሆነ፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር ይታወቃልና መጀመሪያ የጨመርሽበት ጊዜ መርፌውን ከጀመርሽበት ጋር መግጠሙን አስቢ። ገጥሞ ከሆነ በራስሽ አታቁሚ፤ ሌላ አማራጭ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

አሁን ደግሞ 72 መታገል የሚገባው ቁጥር ነው ወይ? በቁመትሽ ሲሰላ (ኪሎው በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል፣ ቢኤምአይ የሚሉት) 27 ግድም ይመጣል፤ ከ25 በላይ ስለሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከፍ ያለ ነው። እኔ ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ሜትር ባምነው እወዳለሁ፤ ከታክሲ መያዣው አጠገብ ልጁ አስፋልት ላይ የሚዘረጋት ሚዛን በጃኬትና በጫማ፣ ቦርሳ ትከሻ ላይ እንዳለ፣ አንድ እግሯ ጠጠር ላይ ቆሞ ስትመዝን አይቻለሁና። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢና ትንፋሽሽን ሳትስቢ ከእምብርትሽ ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ለኪው። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥንቃቄ ይጀምራል፤ 88 ከደረሰ አደጋው በጣም ከፍ ይላል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ግፊትና ስኳር ተለኪ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ፣ ከ72 ጋር የያዝሽውን ጠብ ብትተይው አልቆጣሽም። ከፍ ካሉ ግን ወደ 68 መውረድ፣ ማለትም አምስት በመቶ ገደማ፣ ለግፊቱም ለስኳሩም ለውጥ ያመጣል፤ 63 መግባት ግዴታ አይደለም።

መውረድ ከፈለግሽም ቆጠራውን ትተሽ ከኑሮሽ አንዱን ነገር ለውጪ፤ በየቀኑ ውሳኔ የማይጠይቅ መሆን አለበት። ለእኔ የመጀመሪያው የምሳ ዕቃሽ ነው። ሞላ አድርገሽ ያዢ፣ ሽንብራና ምስር ይግባበት፤ ምሳውን አሳንሳ የወጣች ሴት ማታ ድስቱ ላይ ቆማ ነው የምትበላው። ሌላው ከቢሮ መልስ አውቶቡሱ የሚነሳበት ቦታ ድረስ በእግር መሄድ ነው፤ ለዚህ ቱታ መግዛት አያስፈልግም። ዘይቱን በማንኪያ ማድረግ ካስቻለሽ ጥሩ፤ ካልሆነም አትጨናነቂ። ሰዎች «ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» ይሉሻል፤ እድር ላይ ይህን ሳትሰሚ የምትቀንሺው ኪሎ የለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከሀገራችን ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶው ብቻ ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ፤ በከተማ የወፍራሙ ድርሻ ከፍ ቢልም ዓይናችን ገና በመክሳት ነው የሚደነግጠው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 24 ዓመቴ ነው፤ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 60 ነው። የፈለግኩትን ያህል ብበላ አልወፍርም። እናቴ ኮሶ አለብህ ትለኛለች። መወፈሪያ መድኃኒት ልውሰድ?
*ቀጭኑ፣ ከሰበታ*

መልስ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም፦ አትውሰድ። በየሱቁ የመወፈሪያ እየተባሉ ከሚሸጡት ክኒኖች ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ፊትህን ያሳብጡታል፣ ስኳርና ግፊት ይጋብዙብሃል። ክብደትህ ለቁመትህ ከጤናማው ክልል ታችኛው ጫፍ አጠገብ ነው፤ ግን ውስጡ ነህ። ከአሥራዎቹ ዕድሜህ መጨረሻ ጀምሮ እንዲሁ ከሆንክ ሰውነትህ የሚቆምበት ቦታ ይሄው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 16 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ ሲያበላ፣ አንዱ ግማሽ ኪሎ ስብ እንኳ ሳይጨምር ሌላው ከአራት ኪሎ በላይ ጨምሯል። ያልጨመሩት ሳያውቁት ብዙ የሚንቀሳቀሱ፣ ተቀምጠው እንኳ የማያርፉ ነበሩ። ፋብሪካ ውስጥ ሙሉ ቀን ቆመህ የምትውል ከሆነ ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የሚያሳስበኝ ቀጭንነትህ ሳይሆን በቅርቡ ቀንሰህ ከሆነ ነው። ቀበቶህ ባለፉት ወራት አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ከገባ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ወይም ውሃ ጥምና ሽንት መብዛት ካለ ሳትውል ሳታድር ተመርመር፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ ኤችአይቪና የእንቅርት ዕጢ መታየት አለባቸው። ኮሶን በተመለከተ፣ ጥሬ ሥጋ የምትወድ ከሆነ ሊኖርህ ይችላል፤ ነገር ግን ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይከሳም፤ የሚያውቀው በሰገራው ላይ ነጫጭ ጠፍጣፋ ቁራጮች ሲያይ ነው። የሰገራ ምርመራ በአቅራቢያህ ባለ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ከተገኘም የሚውጡት መድኃኒት አለ። ካልተገኘ ውጤቱን በወረቀት ተቀብለህ ለእናትህ አሳያት፤ በቃልህ ብቻ አታምንህም።