ሙዜ ዘለላውን እንደያዘ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሙዜ ዘለላውን እንደተሸከመ ከነሥሩ ተነቅሎ ይወድቃል። ጎረቤቶቼ ነፋስ ነው ይላሉ። ማዳበሪያ ልጨምርበት? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተወው። ግንዱ ከመካከሉ ቢሰበር ኖሮ ከጎረቤቶችህ ጋር እስማማ ነበር፤ ከነሥሩ የሚገነደስ ሙዝ ግን የሚይዘው ሥር አጥቷል። ከወደቀው ላይ አንድ ሥር ቁረጥና በቁመቱ ሰንጥቀው። ልጡ ቀይ ቡናማ ቁስል ይዞ መካከሉ ነጭ ከሆነ ኔማቶድ የሚባለውን ደቃቅ ትል ጠርጥር። ከመሬት በታች ያለው ጉንዱ በሰፋፊ ቦዮች ከተቦረቦረ ደግሞ ጥፋተኛው የሙዝ ነቀዝ ነው።

ሥር ቆፋሪው ኔማቶድ ራዶፎለስ ሲሚሊስ ይባላል። ተመራማሪው ናታን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1893 የገለጸው ከፊጂ የሙዝ ሥር አግኝቶት ነው። ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ በሞቃት አፈር በሦስት ሳምንት ገደማ ትውልድ ይተካል። ሥሩን የሚበሉት ሴቶቹና እጮቹ ናቸው፤ ወንዱ አፉ ደካማ ስለሆነ አይመገብም። በኢንዶኔዥያ ባንግካ ደሴት የቁንዶ በርበሬን እርሻ ያወደመው ይኸው ትል ነው። ነገር ግን የአንተን ሙዝ የጎዳው እሱ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የእኛን እንሰት የሚያጠቃው ፕራቲለንከስ ጉዴይ የተባለው ሌላ ኔማቶድም ተመሳሳይ ቁስል ያወጣል። የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሥሩን ከነአፈሩ ለምርምር ማዕከል አድርስ።

እስከዚያው ከታመመው ማሳ ችግኝ ለማንም አትስጥ፤ በሽታው የሚጓዘው በችግኝ ነው። ከምትተክለው ችግኝ ላይ ሥሩንና የጠቆረውን ሁሉ ላጥ፤ ከዚያ በፈላ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ ንከረው። ከ30 ሰከንድ በላይ ካቆየኸው ግን ቀቅለኸዋል።