የክት ቀሚሳችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አትጣሉ

አሜሪካ ከገባሁ 26 ዓመቴ ነው። የስንቱን ሰው ቤት አብሬ አጓጉዣለሁ። ሁሉም ቤት ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ሻንጣ አለ። ሲከፈት የሐበሻ ቀሚስ፣ ለሚዜነት የተሰፋ ሳቲን፣ የመልስ ካባ። "ጠቦኛል፣ ፋሽኑም አልፎበታል" ትላላችሁ። ከዚያ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላችሁ የእርዳታ ሣጥን ውስጥ ትከታላችሁ። ለሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ሌላ ታዛላችሁ። እባካችሁ ተዉ! ቆራርጣችሁ፣ ቁራጮቹን ገጣጥማችሁ ብርድ ልብስ ስፉበት።

እዚህ አገር ኩዊልት ይሉታል። እኛም ድሪቶ የሚል ቃል አለን፤ ግን ድሪቶ ሲባል ችግር ነው ትዝ የሚለን። እነሱ ከአያት ለልጅ ልጅ ያወርሱታል።

1. ወረቀቱ

ከአገር ቤት የጥንት ካባ ወይም ልብስ የምታመጡ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። በቃ።

2. አሠራሩ

መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ቀሚሱን ሙሉውን ፎቶ አንሡት። ከዚያ ቀለሙን ፈትኑ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጉ፤ ቀዩ ከለቀቀ ያንን ቁራጭ አትጠቀሙበት። አለዚያ መጀመሪያ ስታጥቡት ነጩ ሁሉ ሮዝ ይሆናል። የማይለቀውን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡና አድርቁ።

ሸማ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ቶሎ ይተረተራል። ስለዚህ ሳይቆረጥ ከኋላው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ለጥፉበት። ይህን የዘለለች ሁሉ በኋላ አልቅሳለች። 23 በ23 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። በየጎኑ 1.5 ለስፌት ሲሄድ 20 ይቀራል። ወርዱ 7፣ ቁመቱ 10 ሲሆን 70 ቁራጭ ነው፤ እርስ በርስ ሲሰፋ 140 በ200 ይወጣዋል። ሳቲን በጋለ ካውያ ይኮማተራል፣ ጨርቅ ደርባችሁ ተኩሱት። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት ቁራጭ ፊትን ይቧጭራል፣ በእግር በኩል ይሁን። ላዩ የተገጣጠመው ቁራጭ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ጀርባው አንሶላ። ሦስቱን ደርባችሁ በየማዕዘኑ በጠንካራ ክር ቋጥሩት።

3. ልጆቹ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ይህን ሥራ ሌሊት ልጆቹ ተኝተው ብቻችሁን አትሥሩት። ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጧቸው። ድር፣ ማግ፣ ጥለት፣ እንዝርት የሚሉትን ቃላት ከናንተ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? "ልጄ አማርኛ አይወድም" ትሉኛላችሁ። በቀን የሚሰማው አማርኛ "ብላ፣ ተነሣ፣ ተኛ" ብቻ ከሆነ ምኑን ይውደደው? ጨርቅ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ይጠይቃል። ይህን ማን ለበሰው? የማን ሠርግ ነበር? መልሱን በአማርኛ ስጡት። አቋርጦ በእንግሊዝኛ ቢጠይቅም እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ።

እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ። ፈትሉን ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ስልኩን ክፈቱና ድምፃቸውን ቅዱ። "በበጋ አገር ቤት ስሄድ እጠይቃለሁ" አትበሉ። እኔ ብያለሁ።

እናቴ የላከችልኝ ቀሚስ ነበር። ድሩ የገበያ ክር፣ ማጉ የራሷ ፈትል። ክረምቱን ሙሉ ፈትላ፣ ሽሮ ሜዳ ለሚሠራ የጋሞ ሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው። ሁለት ጊዜ ለብሼዋለሁ። እንደ ፈረንጅ በ2008 ቤት ስቀይር "አሮጌ ነው" ብዬ ከሌላው ጋር በላስቲክ አወጣሁት። ሁለት ሥራ እሠራ ነበር፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። ጊዜ ነበረኝ።

እናቴ ስታርፍ ልጄ 9 ዓመቷ ነበር። "ከአያቴ ምን አለን?" ብላ ጠየቀችኝ፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ መጠየቅ አትችልም ነበር። ይህ የሷ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ቤቱን ሁሉ በረበርኩ። የተገኘው ከቀሚሱ ጋር የመጣው መቀነት ብቻ ነው፤ አንድ ጫፉ ላይ ዘርፉ ተበጣጥሷል።

ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር መስፋት ጀመርን። አሁን 21 ዓመቷ ነው። መቀነቱን ሳንቆርጥ እንዳለ መሃል ለመሃል አኖርነው። ግራና ቀኙን የኔን ቀሚሶች፣ የሷን የምረቃ ሳቲንም ጨመርንበት። እየሰፋን አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልን፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። እህቴ እናታችን እንዴት ትፈትል እንደነበር ስታወራ ልጄ እጇን ገታ አደረገችና "አክስቴ፣ ባዘቶ ምንድን ነው?" አለቻት።

በአማርኛ ነው የጠየቀችው። እህቴ 40 ደቂቃ አስረዳቻት። መርፌው እስከዚያ ድረስ መቀነቱ ላይ እንደተሰካ ቆየ።