ሳሎን የሚሠራው ዋይፋይ ጓዳ ሲደርስ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ጓዳ ስንገባ ስልኩ ሲግናል እያሳየ ምንም አይከፍትም፤ ማታ ማታ ይብሳል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ከዋይፋዩ ይለዩ። ኮምፒውተር በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙና በሚብስበት ሰዓት ይሞክሩ። በገመድም ካዘገመ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክቱ እንጂ አዲስ ራውተር አይግዙ።

በገመድ ከፈጠነ ግን ግድግዳውን ይጠርጥሩ። ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ይሠራል፤ 5ቱ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ድንጋይ ያደክመዋል፤ ለጓዳ 2.4 ይሻላል። ሲግናል እያለ አለመክፈቱም ምክንያት አለው፦ ስልኩ ራውተሩን ይሰማል፣ የስልኩ ጉልበት ግን አነስተኛ ስለሆነ ራውተሩ እሱን አይሰማውም። ስለዚህ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው ወደ ጓዳው በር አቅጣጫ፣ ከወለል 1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ከፍሪጅና ከቆርቆሮ ያርቁት፤ ብረት ሞገዱን ይመልሳል።

የማታው መባስ የጎረቤት ዋይፋይ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የ2.4 ጊጋኸርትዙን ቻናል (ራውተሩ የሚጠቀምበትን የሞገድ መስመር) ከ1፣ 6 እና 11 ነጻ ወደሆነው ይቀይሩ፤ እነዚህ ሦስቱ አይደራረቡም። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርትዝ ያድርጉት። የመግቢያ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሲግናል አጉይ (የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ከመግዛት ይልቅ እስከ ጓዳ ገመድ መዘርጋትን እንመርጣለን፤ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል። አጉዩን ከገዙ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ሳይሆን መሃል መንገድ ላይ ይሰኩት፤ ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ጠንካራ አይሰጥም።