ወፏ ስታዜም ዝም በሉ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሙዚቃ ለማስተማርም ሆነ ለሕፃናት የካርቱን ፊልም ለመሥራት ለተነሣችሁ ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ጊዜ ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች በሰሌዳ ላይ አሰምር፣ የኖታዎቹን ስም አስጽፍ፣ ሙዚቃውን በመጨረሻ አሰማ ነበር። ልጆቹ ስሙን በቃላቸው ይወጡታል፤ ድምፁን ሲሰሙ ግን አንዱን ከሌላው አይለዩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ያወጡኝ በሥዕል የተሠሩ ወፎች ናቸው።

የዲዝኒ ስቱዲዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ሁለት አጫጭር የሙዚቃ ትምህርት ፊልሞችን አወጣ። በሁለቱም መምህሩ ጉጉት ነው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ልዩ ልዩ ወፎች። ወፍ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል ትሉ ይሆናል። ብዙዎቹ ዘማሪ ወፎች ግን ጫጩት ሳሉ የታላላቆቻቸውን ዜማ ሰምተው ነው የሚማሩት፤ መጀመሪያ ያዳምጣሉ፣ ቀጥለው ይንተባተባሉ፣ ዜማው የሚቃናው ቆይቶ ነው። የወፎች ክፍል ትክክለኛ ክፍል ነው።

ከሁለቱ የምወደው በ1954 ኦስካር የተሸለመውን ነው። የመሣሪያ ሁሉ ምንጭ አራት ድምፆች መሆናቸውን ያሳያል፤ ቀንድ ሲነፋ፣ የሣር ቱቦ ሲያፏጭ፣ የደጋን ጅማት ሲነካ፣ ሆድ ሲደለቅ። አንድ መለከተኛ ከዓምድ ጋር ተላትሞ ረጅም መለከቱ ይጣጠፍበታል፤ ሲነፋው ግን ድምፁ ያው ነው። ተመልካቹ ልጅ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው የቱቦው ርዝመት እንጂ ቅርጹ አለመሆኑን በዚያች ቅጽበት ይረዳል። እኔ ይህንኑ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እጨርስ ነበር።

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ በ1936 ሞስኮ ላይ ለልጆች የጻፈውን የጴጥሮስና የተኩላውን የሙዚቃ ተረትም አድምጡ። ወፏን ፍሉት፣ ዳክዬዋን ኦቦ ለተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ሰጣቸው። ሁለቱ “መብረር ካልቻልሽ ምን ወፍ ነሽ”፣ “መዋኘት ካልቻልሽስ” እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ፣ ክርክሩን የሚሸከሙት ሁለቱ መሣሪያዎች ናቸው። ዲዝኒ በ1946 በካርቱን ሲሠራው ሥዕሉ አማረለት፤ ተራኪው ግን ያለ መጠን ይናገራል፣ ፍሉቱ የነገረንን ደግሞ ይነግረናል። ፊልም ሠሪዎች፣ ከዚህ ተጠንቀቁ። ልጁ በጆሮው ያገኘውን በቃል አትቀሙት።

የፕሮኮፊየቭን ሙዚቃ ቅጂ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ያለ አንዳች ማብራሪያ ባሰማሁበት ቀን፣ ፍሉቱ እንደ ገባ ከኋላ ወንበር “ወፏ መጣች!” የሚል ድምፅ ወጣ። ሌላዋ ልጅ “ዋሽንት ነው እንጂ” አለቻት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ዋሽንቱም ፍሉቱም የሚዘምሩት በውስጣቸው ባለው አየር ንዝረት ነው። ይህን የመሰለ ክርክር በሰሌዳ ጽፌ አላመጣሁትም።

ከዚያ በኋላ የመለከተኛውን ፊልም አሳየኋቸው። በማግስቱ አንድ ልጅ ረጅምና አጭር ሁለት የእስክሪብቶ ክዳኖች ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ አንዱን ነፋ፣ ሌላውን ነፋ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ጠመኔውን አስቀምጬ፣ “እስኪ ድገመው” አልኩት።